ስለ ቦምባይ ኑሯችን ጥቂት ቃል

(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ ላይ የተነበበ)



የማኅበሩ ጸሐፊ ስለ ሕንድ አገር ቆይታችን እንድንናገር ሲጠይቀን፤ ስለ ፋብሪካውና ስለ ትምህርቱ መስፋፋት የምናወራ መስሎት እንደ ነበር እናውቃለን። ይቅርታውን እንለምናለን። እኛ ሁለት ጓደኛሞች በቦምባይ አንድ ዓመት ተቀምጠን የተመለስነው ስለ ቤት ኪራይ፤ ስለ ባቡርና ስለ ራሳችን ጥቂት ተምረን ነው። (ከተማይቱ ከ1995 ጀምሮ በመንግሥት ስሟ ሙምባይ ናት። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን።)

ከቤቱ እንጀምር። ባለቤቱ በመጀመሪያ የጠየቀን ስማችንን ወይም ገንዘባችንን ሳይሆን፤ «ቬጅ ናችሁ ወይስ ኖን ቬጅ?» ብሎ ነው፤ ሥጋ ትበላላችሁ ወይስ አትበሉም ማለቱ ነው። እኛም እውነት ተናገሩ ተብለን ያደግን ልጆች ስለ ሆንን፤ «እንደ ቀኑ ነው» አልነው። ረቡዕና ዓርብ አንበላም፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተትና ቅቤ እንኳ አይቀመስም ብለን አስረዳነው። የሰውየው ፊት በራ። ወተት እንኳ መተዋችን አሳዝኖት ሻይ አዘዘልን። ጓደኛዬ ዝም ቢል መልካም ነበር፤ ነገር ግን ስለ ፋሲካ በግ ጨመረበት። ሻይው ሳይመጣ የሕንጻው ነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ተጠርቶ መጣና፤ የምትበሉበት ቀን ይበዛል ወይስ የማትበሉበት? ብሎ ጠየቀን። በጣታችን ቆጠርን። አጽዋማቱን ሁሉ ለሚጾም ሰው የማይበላበት ቀን ይበዛል፤ እኛ ግን ሁሉን እንደማንጾም ስንናዘዝ ቤቱን አጣነው።

ከዚያ በኋላ ያጣናቸው አራት ቤቶች ግን በሥጋ ምክንያት አልነበረም። ደላላው በስልክ ስለ እኛ ሲናገር አንዲት ቃል ይላል፤ ወዲያው ስልኩ ይዘጋል። ያች ቃል «ሐብሺ» ናት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ልጅ በገበያ መካከል «ሐብሺ!» ብሎ ሲጮህብን፤ አገራችንን የሚያውቅ ተገኘ ብለን ተመልሰን እጁን ልንጨብጥ ሄድን። ልጁ ሮጦ አመለጠ። አንድ የክፍል ጓደኛችን ዐይናችንን ሳያይ እንደ ነገረን፤ ቃሉ በእርግጥ ከስማችን የመጣ ነው፤ ዛሬ ግን ለማንኛውም ጥቁር ሰው ይባላል፤ ብዙ ጊዜም ስድብ ነው። ስማችን ወደዚያ አገር የገባው ከባሮችና ከወታደሮች ጋር ነበር። ከኢትዮጵያ በባርነት የተሸጠው መሊክ ዐምባር በአሕመድነገር መንግሥት ላይ ዋና ሹም እስከ መሆን ደርሶ በ1626 ሞተ። ከቦምባይ በስተደቡብ በባሕር መካከል ያለውን የጃንጂራ ምሽግም ሲዲ የሚባሉት አፍሪካዊ ዘር ያላቸው ገዦች እስከ 1948 ይዘውት ኖረዋል። ይህን ታሪክ በሚገባ አጥንተን ለስድስተኛው ባለቤት ልንነግር ስንጀምር፤ ጊዜ የለኝም አለን።

በመጨረሻ ቤት የሰጡን አንዲት ባልቴት ናቸው። የጠየቁን ዝናብ ሲመጣ መስኮት ትዘጋላችሁ? ብለው ብቻ ነው። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር። በዚያ ከተማ ሐምሌ ውስጥ፤ በ2005፤ በአንድ ቀንና ሌሊት 944 ሚሊሜትር ዘንቧል፤ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ብዙም አያንስም።

የባቡሩን ነገር የማያውቅ ቦምባይን አየሁ አይበል። የመጀመሪያው የመንገደኛ ባቡር በ1853 ከቦሪ ቡንደር እስከ ታኔ 34 ኪሎሜትር ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ የተሳፈረው ሁሉ እስካሁን ያልወረደ ይመስላል። ባቡሩ በየጣቢያው የሚቆመው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ስለዚህ መውረጃህ ሳይደርስ ሁለት ጣቢያ ቀደም ብለህ ወደ በሩ መሰለፍ አለብህ፤ ፊትህ ያለውንም የት ትወርዳለህ? ብለህ መጠየቅ ግዴታ ነው። እኛ ይህን ባለማወቃችን ሦስት ቀን በተከታታይ ያልፈለግነውን ሰፈር ጎበኘን። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራተኛው ይመጣና «አድጀስት» ይላል፤ ሦስቱም ቃል ሳይናገሩ ይጠጋጋሉ። የአራተኛው ግማሽ አካል በአየር ላይ ነው፤ ቢሆንም ተቀምጫለሁ ይላል። በአዲስ አበባ ታክሲ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲባል የምናጉረመርም ሰዎች እዚያ ማጉረምረማችንን ተውን። ቤት የነፈገን ከተማ በባቡር ወንበር ላይ እንዴት እንደሚጠጋልን እስከ ዛሬ አልገባንም።

ዳባዋላ የሚባሉትን ስንሰማ ዳቦ ሻጮች መስለውን ነበር። ዳባ ማለት ግን የምሳ ዕቃ ነው። ነጭ ቆብ ያደረጉት ሰዎች ምሳውን ከየቤቱ ሰብስበው፤ በባቡርና በብስክሌት፤ በክዳኑ ላይ በተጻፈ ፊደልና ቀለም እየለዩ ለየሠራተኛው ያደርሳሉ፤ ባዶውንም ይመልሳሉ።

አሁን ወደ አፈርንበት ነገር እንምጣ። የባልቴቲቱ የልጅ ልጆች የእኛን እንግሊዝኛ እያስመሰሉ በደረጃው ላይ ይስቁ ነበር። አንደኛው የጓደኛዬን አነጋገር ከራሱ ከጓደኛዬ ይበልጥ አሳምሮ ይናገራል። ሳቁን ስንሰማ ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ሰው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ሒሳብ ያስተማሩን ሕንዳዊ መምህር ነበሩ፤ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ሲወዘውዙ እሺ ይሁን እምቢ አይታወቅም። እኛም በዕረፍት ሰዓት እንደ እሳቸው እየተወዘወዝን ክፍሉን እናስቅ ነበር፤ ስምም አውጥተንላቸዋል።

ስንመለስ ልንጠይቃቸው ሄድን። ስለ ከተማይቱ ሕንጻ ወይም ስለ ባሕሩ አልጠየቁንም፤ «ቤት በቀላሉ አገኛችሁ?» አሉን። የሆነውን ነገርናቸው። እሳቸውም እዚህ ሲመጡ የቅመማቸው ሽታ ተፈርቶ ስንት በር እንደ ተዘጋባቸው ነገሩን። በመጨረሻ ያከራዩአቸው አንዲት እናት፤ ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ሥጋ እንደማይበሉ ሲሰሙ ባሕታዊ መስለዋቸው ከኪራዩ ላይ ቀነሱላቸው። ይህን ሲሉ ከልባቸው ሳቁ፤ እኛም ሳቅን።

ስንነሣ ያወጣንላቸውን ስም ጠርተው ተሰናበቱን። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቁት ኖሯል። ስሙን ግን በዚህ ጉባኤ ፊት አንደግመውም።