በአስፒሪን ውስጥ ያለውን መድኃኒት ስለ መለካት



በአስፒሪን ብልቃጥ ላይ «300 ሚሊ ግራም» ተብሎ ይጻፋል። ይህ እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን? አስፒሪን አሲድ ስለ ሆነ፥ አሲድነትን በሚሽር ቤዝ ሊለካ ይቻላል፤ ይህም ታይትሬሽን ይባላል።

አንድ አዲስ ኪኒን ፈጭተን በቀዝቃዛ አልኮል አሟሟነው፤ ሁለት ጠብታ ፌኖልፍታሊንም ጨመርንበት። ከዚያም 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከቡሬቱ በጠብታ አወረድንበት። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ይዞ ሲቀር አቆምን፤ የፈጀው 16.6 ሚሊ ሊትር ነበር። እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 18 ሚሊ ግራም አስፒሪን ስለሚያመለክት፥ ውጤቱ 299 ሚሊ ግራም ሆነ። ጽሑፉ አልዋሸም።

ሁለተኛውን ኪኒን ከቤት አመጣሁት፤ ክዳኑ ላልቶ ከከረመ ብልቃጥ የወጣ ስለ ነበር፥ አቸቶ አቸቶ ይሸት ነበር። እርሱ 18.1 ሚሊ ሊትር ፈጀ፤ ሲሰላም 326 ሚሊ ግራም መጣ። አሮጌው ከአዲሱ በለጠ ብዬ ተደሰትሁ! መምህራችን ግን «ይህ ሽታ ከወዴት መጣ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ እርጥበት ያገኘው አስፒሪን ወደ ሳሊሲሊክ አሲድና ወደ አሴቲክ አሲድ ይከፈላል፤ አቸቶ የሚሸተውም ይህ ሁለተኛው ነው። ቡሬቱ ሁለቱንም አሲዶች ይቆጥራል፤ መድኃኒቱ ግን ጎድሏል። ከዚያው ብልቃጥ ሌላ ኪኒን አሟሙተን ፈሪክ ክሎራይድ ብንጨምርበት፥ ሐምራዊ ቀለሙ ሳሊሲሊክ አሲድ መኖሩን መሰከረ።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ አቸቶ የሚሸት አስፒሪን አትዋጡ፤ ብልቃጡንም ከእርጥበት አርቁ። ጓደኞቼም፥ ቁጥር ባገኛችሁ ጊዜ የተቆጠረው ምን እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።