ታሪክ ከጎረቤት፤ አንደበት ከቤት



አንድ ፊልም ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚሻገርባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ከሥዕሉ ግርጌ የትርጉም ጽሑፍ ማኖር ነው። ሁለተኛው የተዋንያኑን ድምፅ አንሥቶ በሌላ ቋንቋ ድምፅ መተካት ነው። ሦስተኛው ታሪኩን ብቻ ወስዶ በአገሬው ተዋንያንና በአገሬው አንደበት እንደ አዲስ መሥራት ነው። ከሦስቱ ይልቅ ወጪም ድካምም የሚበዛበት የመጨረሻው ነው። ይሁን እንጂ በደቡብ ሕንድ፣ በካርናታካ ክፍለ ሀገር፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የተመረጠው ይኸው አድካሚው መንገድ ነበር።

የካርናታካ ዋነኛ ቋንቋ ካነዳ ይባላል፤ ስሙ ከሰሜን አሜሪካዋ አገር ስም ጋር ቢቀራረብም ዝምድና የለውም። ዘመዶቹ ታሚል፣ ማላያላምና ቴሉጉ ናቸው። አራቱም ከአንድ የድራቪድ ግንድ የበቀሉ ቢሆኑም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፊደል፣ ሥነ ጽሑፍና ሲኒማ አላቸው። የመጀመሪያው የካነዳ ተናጋሪ ፊልም «ሳቲ ሱሎቻና» የታየው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ከዚያ በኋላ ግን የካነዳ ፊልም ሥራ ለብዙ ዘመን በታሚሎቹ ከተማ በማድራስ ስቱዲዮዎች ላይ ተደግፎ ኖረ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደራሲው ኤ. ኤን. ክሪሽና ራኦን የመሰሉ ሰዎች ድምፁ የተተካ ፊልም በካርናታካ እንዳይታይ ተሟገቱ፤ ዝነኛው ተዋናይ ራጅኩማርም ከሙግቱ ጎን ቆመ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር። የጎረቤት ፊልም በጥቂት ወጪ ካነዳ እየተናገረ ከገባ፣ ለካነዳ ተዋናይ፣ ለዘፋኙና ለባለሙያው እንጀራ አይተርፈውም የሚል ነው። እገዳው በሕግ የተጻፈ አልነበረም፤ በሙያው ሰዎች ስምምነት ብቻ የቆመ ነበር። ቢሆንም እንደ ሕግ ጸና።

በዚህ ምክንያት በጎረቤት አገር የተወደደ ታሪክ ወደ ካነዳ ለመግባት እንደገና መወለድ ነበረበት። ተዋናዩ ሱዲፕ ስመ ጥር የሆነበት የ2001ዱ «ሁቻ» የታሚሉ «ሴቱ» ዳግም ሥራ ነው። ይኸው ተዋናይ እ.ኤ.አ. በ2006 ለመጀመሪያ ጊዜ አዘጋጅ ሆኖ ያቀረበውና ራሱም በመሪ ተዋናይነት የተጫወተበት «ማይ አውቶግራፍ» ደግሞ ቼራን እ.ኤ.አ. በ2004 በታሚል ሠርቶ ራሱ ከተጫወተበት «አውቶግራፍ» የተወሰደ ነው።

አውቶግራፍ ተማሪዎች ሲለያዩ አንዱ በሌላው ደብተር ላይ የሚያኖረው የመታሰቢያ ቃልና ፊርማ ነው። የፊልሙ ታሪክም ከዚሁ ጋር ይስማማል። አንድ ጎልማሳ ሠርጉ ሲቃረብ የጥሪ ወረቀቱን ይዞ ያለፈ ሕይወቱን ለመጎብኘት ይነሣል። በልጅነቱ የወደዳትን የመንደር ልጅ፣ በኮሌጅ ዘመኑ በኬረላ ያፈቀራትን ማላያላም ተናጋሪ ወጣት፣ በኋላም ተስፋ በቆረጠ ጊዜ ደግፋ ያነሣችውን ወዳጁን በየተራ ያስታውሳል። የቀድሞ ፍቅር ዳግም አይቀጥልም። ሰውዬው የሚፈልገው ያለፈውን አመስግኖ መሰናበት ነው።

የዳግም ሥራ ጥቅም ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በኬረላው ክፍል ነው። በታሚሉ ፊልም ፍቅረኞቹን ከሚለያዩአቸው ነገሮች አንዱ ቋንቋ ነው፤ እሱ ታሚል፣ እሷ ማላያላም ተናጋሪ ናቸው። ይህን ፊልም ድምፁን ብቻ ወደ ካነዳ ቢተኩት፣ ተመልካቹ አፉ ታሚል እየተናገረ ድምፁ ካነዳ የሚሆንበትን ሰው ያያል፤ የባዕድነቱ ሥቃይም ለካነዳው ተመልካች የሌላ ሰው ሥቃይ ሆኖ ይቀራል። ኬረላ ግን የታሚሎችም የካርናታካም ጎረቤት ናት። ስለዚህ በዳግም ሥራው ኬረላ ከነቋንቋዋ በስፍራዋ ስትቆይ፣ እንግዳው ብቻ ተለውጦ የካነዳ ልጅ ይሆናል። የታሪኩ አጥንት ሳይነካ ስደቱ የተመልካቹ የራሱ ስደት ሆነ። በርዕሱ ላይ የተጨመረው «ማይ»፣ ማለትም «የእኔ» የሚለው ቃል፣ ይህንኑ ያመለክታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ መንገዱ ጉዳት አልነበረውም ማለት አይደለም። በሌላ አገር ገንዘብ ያስገኘ ታሪክ እያለ ለአዲስ ድርሰት ገንዘቡን የሚያወጣ ነጋዴ ጥቂት ነው። ተዋናዩን ከሥራ ፈትነት ያዳነው እገዳ የአገሩን ደራሲ ሥራ ፈት ሊያደርግ ይችላል። በዚህም ምክንያት ከጎረቤት ታሪክ መገልበጥ የካነዳ ሲኒማ ተደጋጋሚ ነቀፌታ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 የሕንድ የንግድ ውድድር ኮሚሽን እገዳው የገበያ ነጻነትን ይፃረራል ብሎ ወሰነ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው «ካንታራ»፣ ከካርናታካ ባሕር ዳርቻ ሕዝብ ሃይማኖታዊ ትርኢት የተቀዳ ወጥ የካነዳ ታሪክ፣ ድምፁ ወደ ታሚል፣ ወደ ቴሉጉ፣ ወደ ማላያላምና ወደ ሂንዲ ተተክቶ ጎረቤቶቹን ሁሉ ጎበኘ።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር፣ ከኢትዮጵያ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች የተሰማው ሥጋት በ1960ዎቹ ከካርናታካ የተሰማው ሥጋት ነበር።

ከካርናታካ የሚገኘው ትምህርት እንግዲህ ድርብ ነው። ቋንቋን በር በመዝጋት ብቻ መጠበቅ አይቻልም፤ በሩ የተዘጋበት ዘመን ራሱ ከጎረቤት ታሪክ ሲበደር ያለፈ ነውና። በአንጻሩም የተበደሩትን በራስ አንደበት፣ በራስ መልክዓ ምድርና በራስ ሐዘን መልሶ መሥራት ተራ ቅጂ አይደለም። ባለሙያው በተውሶ ታሪክ ላይ ሊጠየቅ የሚገባው ከየት አመጣኸው ተብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ከመጣ በኋላ የማን ሆነ ተብሎም ነው።