የቤንዚን ቁጥርና የኪሳችን ነገር
(ዴንቨር በሚገኘው ማኅበራችን የእሑድ የውይይት ፕሮግራም ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ‹‹ከሥራህ ተነሥተህ አንድ የሚጠቅም ነገር ንገረን›› ሲሉኝ፣ ሁላችንም በየቀኑ ገንዘባችንን ስለምናፈስበት ስለ ቤንዚን ለመናገር ወሰንኩ። በዚህ ጉዳይ የምናዘዘው ጥፋትም አለብኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ አንድ ወጣት ወንድማችን ለዕቃ ማመላለሻ ሥራ አሮጌ ፒክአፕ ገዛ። አንድ ቀን ሾፌሮች ቡና ከምንጠጣበት መጥቶ፣ ‹‹ጋሼ፣ መኪናዬ ቤንዚን ትጠጣለች፤ የቱን ልቅዳላት?›› ሲል ጠየቀኝ። እኔም እንደ አዋቂ ሆኜ፣ ‹‹ርካሹን ተወው፤ 91ን ቅዳ። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ጉልበት አለው፤ ሩቅም ይወስድሃል›› አልኩት። ልጁም ቃሌን አክብሮ ስምንት ወር ሙሉ ውዱን ቀዳ። በኋላ፣ ‹‹ጋሼ፣ ለእናቴ የምልከውን ቀንሻለሁ፤ መኪናዋ ግን ያው ናት›› ሲለኝ የምገባበት ጠፋኝ። ይበልጥ ያሳፈረኝ ደግሞ፣ ትምህርቴን ሳልጨርስ ብወጣም፣ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ኬሚስትሪ ስማር የኦክቴንን ትርጉም ሸምድጄ ለፈተና የጻፍኩ ሰው መሆኔ ነው። ያላዋቂ ሳሚ እንዲሉ ሆነ።

እንግዲህ ማደያው ላይ 85፣ 87፣ 91 እየተባለ የሚጻፈው ቁጥር ምንድን ነው? በሞተሩ ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚንና አየር ተደባልቀው በፒስተኑ ይታመቃሉ፤ ካንዴላው እሳት ሲሰጥ ደግሞ በሥርዓት ይነድዳሉ። ቤንዚኑ እመቃውንና ሙቀቱን መቋቋም ካቃተው ግን ከተራው ውጪ በራሱ ይፈነዳል፤ ሞተሩም ያንኳኳል። የኦክቴን ቁጥር የሚለካው ይህን ያለጊዜው መፈንዳት የመቋቋም ችሎታ ነው። አይሶኦክቴን 100፣ ሄፕቴን ደግሞ 0 ተብለው መለኪያው የተበጀው በእነዚህ በሁለቱ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ቤንዚኑ ውስጥ ስላለው ጉልበት የሚነግረን ነገር የለም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ኢታኖል ነው። ኢታኖል ኦክቴኑ ከቤንዚን ይበልጣል፤ በአንድ ጋሎን ውስጥ ያለው ጉልበት ግን በሲሶ ያህል ያንሳል። በመሆኑም 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት የተለመደው ቤንዚን፣ ኢታኖል ከሌለበት ጋር ሲነጻጸር በጋሎን የምንሄደውን ማይል በ3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ቢጫ የነዳጅ ክዳን ባላቸው ፒክአፖች የሚቀዳው ኢ85 ደግሞ ከ15 እስከ 27 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ በጋሎን ረክሶ ስናየው ከመሮጣችን በፊት ዋጋውን በማይል እናስላው።

ትሪፕል ኤ የተባለው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ለመደበኛው ቤንዚን በተሠሩ መኪናዎች ውዱን ሞክሮ፣ በጉልበትም ሆነ በማይል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በዚያው ጊዜ አሽከርካሪዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በዚህ ስሕተት ከ2.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ በከንቱ ማውጣታቸውን ገምቷል። ወደ እኛ ኪስ እንምጣ። አንድ ሰው በቀን 10 ጋሎን ይቀዳል፣ የዋጋው ልዩነትም በጋሎን 60 ሳንቲም ነው እንበል። በቀን 6 ዶላር፣ በ300 የሥራ ቀን 1,800 ዶላር መሆኑ ነው።

‹‹ታዲያ ሁላችንም ርካሹን 85 እንቅዳ?›› የሚል ይኖራል። አይደለም። 85 በእኛ አካባቢ የተለመደው ከተማችን ከፍታ ላይ ስላለች ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እመቃ ይቀንሳል፤ ካርቡሬተር የነበራቸው የድሮ መኪናዎችም በ85 ሳያንኳኩ ይሠሩ ነበር። የዛሬዎቹ ሞተሮች ግን በኮምፒውተር የሚመሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም አየሩን በቱርቦ አምቀው ያስገባሉ። አምራቾቹ በአብዛኛው ከ87 በታች አትቅዱ ይላሉ። ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ኮምፒውተሩ እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ያዘገያል፤ ያን ጊዜ ጉልበቱም ማይሉም ይቀንሳል። ፒክአፕ ጭናችሁ ወይም ተጎታች አስራችሁ በአይ 70 ከ11,000 ጫማ በላይ ወዳለው ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ስትወጡ ይህ በደንብ ይታያል።

ውዱ የሚያስፈልገው መኪናም አለ። የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ ክፈቱና ቃሉን ለይታችሁ አንብቡ። ‹‹ግዴታ ነው›› ካለ ያለ ክርክር ውዱን ቅዱ። ‹‹ይመረጣል›› ካለ ግን አስሉ። ትሪፕል ኤ እ.ኤ.አ. በ2017 እንዲህ ባሉ መኪናዎች ሞክሮ ያገኘው የማይል ጭማሪ በአማካይ 2.7 በመቶ ነበር፤ የዋጋው ልዩነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ከባድ ጭነት ለሚጎትት ቱርቦ ላለው ፒክአፕ ግን፣ በተለይ በሙቀት ጊዜ፣ ውዱ ሊጠቅም ይችላል።

ስለ ማደያው ስምም ብዙ እንከራከራለን። ስማቸው የተለያየ ማደያዎች ቤንዚናቸውን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ማከማቻ ይቀዳሉ። ልዩነቱ ቦቴው ሲሞላ የሚጨመረው የሞተር ማጽጃ ቅመም ነው። ቢ ኤም ደብልዩ፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2004 ‹‹ቶፕ ቲር›› የሚባል የማጽጃ ደረጃ አወጡ። ትሪፕል ኤ በ2016 ሲመረምር፣ ይህን ደረጃ ባላሟላ ቤንዚን በሠሩ ሞተሮች የቫልቭ ላይ ቆሻሻ በአማካይ 19 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ምልክቱን ታዋቂዎቹ ሼልና ሼቭሮን ብቻ ሳይሆኑ ርካሹ ኮስትኮም ያገኘው ነው። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ምልክቱን ፈልጉ። ጥቅሙ ቀስ በቀስ የሚታይ ስለሆነ በአንድ ሙሌት አትጠብቁት።

አንድ ሰው ‹‹ማደያ ብቀይር ማይሌ ወረደ›› ሲላችሁ መቼ እንደቀየረ ጠይቁት። ብርድ ሲገባ ከሆነ ጥፋቱ የማደያው ላይሆን ይችላል። በከተማ አጭር መንገድ ሲነዳ፣ በ20 ዲግሪ ፋረንሃይት ያለው ማይል በ77 ዲግሪ ካለው በ15 በመቶ ያህል ያንሳል። እውነቱን ለማወቅ የሚያስፈልገው ደብተር ነው። ከአንድ ማደያ፣ ማፍሰሻው በራሱ ሲቆም ሳትጨምሩ ቅዱ፤ የተጓዛችሁትን ማይል ለቀዳችሁት ጋሎን አካፍሉ፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ ሦስት ሙሌት ጻፉና አወዳድሩ።

እኔም ልጁን ይቅርታ ከጠየቅሁ በኋላ ፒክአፑን አብረን አየናት። አራቱም ጎማዎች ነፋስ ጎድሏቸዋል፤ ከኋላ የማይፈለግ ብረት ተጭኗል፤ እሱም ዕቃ ሲጠብቅ ሞተሩን አያጠፋም ነበር። በመቶ ፓውንድ ትርፍ ጭነት 1 በመቶ ያህል ማይል ይጠፋል። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ደግሞ በሰዓት እስከ ግማሽ ጋሎን ይበላል። እነዚህን አስተካከለና ወደ 87 ተመለሰ። ዛሬ ለእናቱ የሚልከው እንደ ቀድሞው ሆኗል፤ ደብተሩንም እስከ ዛሬ ይጽፋል።

ወንድሞቼ፣ አዲስ የሚመጣ ሰው የእኛን ቃል አምኖ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው። ስለዚህ እኛም ከመምከራችን በፊት እናረጋግጥ። በሚቀጥለው የውይይት ቀን እያንዳንዳችሁ ደብተራችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ አደራ እላለሁ።