ቦት ጫማ የሚገዛ መታሰቢያ

የአሜሪካ የዓሣ ሀብት ማኅበርን እ.ኤ.አ. በ1870 ያቋቋሙት ዓሣ አርቢዎች ነበሩ። ለረጅም ጊዜም የወንዶች ቤት ሆኖ ቆየ። ለሴቶች በሩን ካስከፈቱት ቀዳሚዋ ፍራንሲስ አለን ናቸው፤ ከ1986 ጀምሮ በስማቸው የዶክትሬት ተማሪ ሴቶች የምርምር ድጋፍ ያገኛሉ።

መታሰቢያቸው ሐውልት ቢሆን የወፍ ማረፊያ ይሆን ነበር።

ይህ ድጋፍ ግን ቦት ጫማ ይገዛል፤ የወንዝ ጥናት ወጪ አለውና። ተማሪዋ ወራጁ ውስጥ ቆማ ድንጋዩን በእግሯ ታነቃንቃለች፤ የተነቀሉት ነፍሳት ከታች የተዘረጋው መረብ ውስጥ ይገባሉ። ነጭ ሳህን ላይ ሲገለበጡ ስቶንፍላይ የተባለው ነፍሳት እጭ ከታየ፣ ውሃው ብዙውን ጊዜ ንጹሕና ኦክስጅን የጠገበ ነው። ቀያይ ትሎች ብቻ ከሆኑ ግን ነገር አለ! ናሙና መውሰዱም በየወቅቱ ይደገማል፤ ነዳጅ፣ መረብ፣ የቤተ ሙከራ ክፍያ እየተጨመረ።