የኃይል አስተዳደር ፕሮግራምና የፕሮሰሰሮች ልዩነት



ኮምፒዩተር ሥራ ሲያጣ ምን ያደርጋል? ጥያቄው ተራ ቢመስልም መልሱ እንደ ፕሮሰሰሩ ዘር ይለያያል። የኢንቴል ወገን የሆነው ፕሮሰሰር «ሃልት» ወይም «ኤምዌይት» በተባለው ትእዛዝ ያርፋል፤ የአርም ወገን የሆነው ግን የሚያነቃው ምልክት እስኪደርሰው ድረስ «ደብልዩኤፍአይ» በተባለው ትእዛዝ ያሸልባል። ዕረፍቱም ልዩ ልዩ ደረጃ አለው፤ እንቅልፉ በጠለቀ መጠን የሚቆጠበው ኤሌክትሪክ ይበዛል፤ ለመንቃት የሚወስደውም ጊዜ እንዲሁ ይረዝማል። ይህን ሁሉ የሚወስነው የኃይል አስተዳደር ፕሮግራም በትክክል ካልተጻፈ መዘዙ ከተጠቃሚው ዘንድ ይደርሳል፤ ባትሪው ያለ ሥራ ያልቃል፤ አለዚያም የተኛው መሣሪያ አልነቃ ይልና ያልተቀመጠው ሥራ ሁሉ ይጠፋል።

የዚህ ንግግር ጉዳይ፣ እንዲህ ያለው ፕሮግራም ለብዙ ዓይነት ፕሮሰሰሮች በአንድነት ሲጻፍ ልዩነታቸው በምን መንገድ ሊገለጽ ይገባል የሚለው ነው። ለምሳሌ የተመረጠው የሊኑክስ ከርነል ነው፤ ጽሑፉ ለሁሉ ክፍት በመሆኑ እያንዳንዱን ለውጥ ከነምክንያቱ መከታተል ይቻላልና። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሥራውን ሲጀምር ያሰበው ለኢንቴል 80386 ብቻ ነበር፤ በ1995 ግን አልፋ፣ ስፓርክና ሚፕስ ተጨመሩ። ከዚያ ወዲህ የልዩነቱ ጥያቄ አልተለየውም።

የሲ ቋንቋ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ከጥንቱ ጀምሮ አለው። የቋንቋው ቅድመ አሰናጅ በ1972 እና በ1973 አካባቢ ሲፈጠር እጅግ ቀላል ነበር፤ ማይክ ሌስክ ቀጥሎም ጆን ራይዘር ካስፋፉት በኋላ ግን «ይህ ስም ተሰይሞ ከሆነ የሚከተሉትን መስመሮች ውሰድ፤ ካልሆነ ዝለል» የሚል ትእዛዝ ተጨመረበት። ባለሙያዎች «ኢፍዴፍ» የሚሉት ይህን ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የማያስፈልገው ክፍል ቦታ አይወስድም። ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ ጋር የተጣበቀ ነው፤ የተዘለለውን መስመር ኮምፓይለሩ ጨርሶ አያየውም። በውስጡ ያለው ስሕተት ያ ሁኔታ እስኪሟላ ድረስ፣ ምናልባትም ለዓመታት፣ ተሸሽጎ ይኖራል። ሁኔታዎቹም ሲበዙ የፕሮግራሙ መልኮች ይባዛሉ፤ ዐሥር መምረጫዎች 1,024፣ ሃያ መምረጫዎች ደግሞ 1,048,576 የተለያዩ ጥንቅሮችን ሊያስገኙ ይችላሉ። ይህን ሁሉ የሚፈትን ማን ነው? ሄንሪ ስፔንሰርና ጄፍ ኮልየር በ1992 ባቀረቡት ጥናት ኢፍዴፍ ጐጂ መሆኑን ከራሳቸው የሥራ ልምድ ተነሥተው አስጠንቅቀዋል።

ወደ ኃይል አስተዳደር ስንመለስ፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 መጨረሻ «ኤሲፒአይ» የተባለውን ደንብ አወጡ። በዚህ ደንብ መሠረት አምራቹ የመሣሪያውን ባሕርይ በሠንጠረዥ ያስቀምጣል፤ ከርነሉም አንብቦ ይሠራበታል። ሠንጠረዡ ፕሮሰሰሩ የሚያውቃቸውን የዕረፍት ደረጃዎች ሲ1፣ ሲ2፣ ሲ3 እያለ ይዘረዝራል። የሊኑክስም ጽሑፍ በዚሁ አኳኋን፣ ኢንቴልን በማሰብ ተሠርቶ ነበር። ዳሩ ግን በ2015 ባለ64 ቢቱ አርም በሊኑክስ ውስጥ ወደ ኤሲፒአይ ገባ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የደንቡ 6.0 እትም ደግሞ «ኤልፒአይ» የተባለ አዲስ የዕረፍት አገላለጽ አመጣ። አርም የሚጠቀመው በዚህ በአዲሱ ብቻ ነው። አሮጌው የሲ ደረጃዎች ጽሑፍ ታዲያ ምን ይደረግ?

ቀላሉ መንገድ በየመስመሩ ላይ «ኢንቴል ወይም አይቴኒየም ከሆነ» ብሎ መከለል ነበር። በ2016 በወጣው 4.8 እትም የተመረጠው ግን ሌላ ነው። «ኤሲፒአይ ፕሮሰሰር ሲ-ስቴት» የሚል አዲስ የመምረጫ ስም ወጣ፤ አሮጌው ጽሑፍ በዚህ ስም ተከለለ፤ የፕሮሰሰሮቹ ስም ደግሞ በማዋቀሪያው ፋይል በአንዲት መስመር ብቻ ተጻፈ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የፕሮግራሙ ጥያቄ «አንተ ማን ነህ?» ከማለት «ምን ታውቃለህ?» ወደ ማለት ተሸጋግሯል። የፕሮሰሰር ስም ስለ ችሎታው የሚናገረው በተዘዋዋሪ ነው፤ አንባቢውም ስሙን አይቶ የጸሐፊውን ሐሳብ መገመት ይኖርበታል። አይቴኒየም በጥር 2024 ከታተመው 6.7 እትም ሲወጣ የዚህ አካሄድ ጥቅም ታየ፤ በዚህ መምረጫ ረገድ ስሙን ከዚያች መስመር መፋቅ በቂ ነበር። በአንጻሩ በ2018 ስምንት የፕሮሰሰር ዘሮች ከ4.17 እትም በወጡ ጊዜ ስማቸውን የያዙትን ክልሎች ከየሥፍራው ማፈላለግ ግድ ሆኗል።

ለድራይቨር ጸሐፊዎችም ተመሳሳይ ነገር አጋጥሟቸዋል። የማስተኛውና የማንቂያው ፈንክሽን በኢፍዴፍ ይከለል ነበር፤ ክልሉ በትክክል ካልገጠመ ኮምፓይለሩ «ይህ ፈንክሽን አይጠራም» እያለ ያማርራል። በመጋቢት 2022 በወጣው 5.17 እትም የገቡት ማክሮዎች ነገሩን ገለበጡት። ፈንክሽኑ ሁልጊዜ ይነበባል፣ ስሕተቱም ይመረመራል፤ የኃይል አስተዳደር ካልተመረጠ ኮምፓይለሩ ራሱ አውጥቶ ይጥለዋል። ቦታው ተቈጠበ፤ ምርመራውም አልቀረም።

ኢፍዴፍ ይወገድ ማለት አይደለም፤ የአንዱን ፕሮሰሰር ትእዛዝ የሌላው አሰምብለር አያውቀውምና መለየቱ የግድ ነው። የከርነሉም የአጻጻፍ መመሪያ የሚጠይቀው ክልሉ ከዋናው የሲ ፋይል ወጥቶ በራስጌ ፋይል እንዲቀመጥ፣ መምረጫው ባልተመረጠ ጊዜም ምንም የማይሠራ ባዶ ፈንክሽን እንዲተካ ነው። በኤልፒአይ ላይ የተወሰደው መንገድም ለዚህ ቅርብ ነው። በጋራው ፋይል ውስጥ ሁለት «ደካማ» ፈንክሽኖች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ደረጃውን ይመረምራል፣ ሌላው ወደ ዕረፍቱ ያስገባል። ባለቤት ካላገኙ «አልችልም» ብለው ይመልሳሉ። አርም የራሱን ጻፈ፤ ሪስክ-ፋይቭም በ2024 ወደ ኤልፒአይ ሲገባ ሁለቱን ፈንክሽኖች በራሱ ፋይል ሞላ፤ ሠንጠረዡን የሚያነበው የጋራ ክፍል ግን ያው ነው።