የአሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ የመደርደሪያ ገበር አለዋወጥ



የባሕር ወደብ በሌለው አገር ለሚሠሩ መሐንዲሶች ስለ ባለ ሸራ ጀልባ መደርደሪያ መናገር ከሙያው የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በጠባብ ቦታ ተጨምቆ የቀረበ የሕንፃ ጥያቄ ነው። በደጋ አገር በቆርቆሮ ጣራ ሥር ያደረ ሰው፣ ዝናብ ሳይጥል ማለዳ ከጣራው የሚንጠባጠበውን ውሃ ያውቀዋል። በጀልባው መደርደሪያ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ በጀልባው ውስጥ ውሃው ከገበሩ በስተጀርባ ተሸሽጎ ለዓመታት ሊቆይ መቻሉ ነው።

የመዝናኛ ጀልባ አሠራር ከእንጨት ወደ ፋይበር ግላስ በሰፊው የተሻገረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከቀዳሚዎቹ አንዱ ካርል አልበርግ የነደፈው፣ ርዝመቱ ከ28 ጫማ ጥቂት የሚበልጠው ትራይተን የተባለው ጀልባ ነበር። ይህ ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የጀልባ ትርኢት ላይ ቀርቦ ብዙ ገዢ አገኘ፤ ከዚያም በኋላ ከሰባት መቶ የሚበልጡ ተሠሩ። ፋይበር ግላስ እንደ እንጨት የማይበሰብስ በመሆኑ፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአሜሪካና በእንግሊዝ ከተሠሩት ጀልባዎች ብዙዎቹ ዛሬም በባሕር ላይ ይገኛሉ። ከግድግዳው ቀድሞ ያረጀው ገበሩ ነው።

በዚያን ዘመን ብዙ ሠሪዎች የፋይበር ግላሱን ሸካራ ውስጠኛ ፊት ለመሸፈን፣ በጀርባው ስስ ስፖንጅ ያለበትን ቪኒል በማስቲሽ ይለጥፉ ነበር። ስፖንጁ በእርጥበትና በጊዜ ብዛት ወይ ይፈርሳል፣ ወይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ቪኒሉም ከግድግዳው ተላቆ ይንጠለጠላል፤ ከበስተጀርባው ሻጋታ ይበቅላል፤ በመደርደሪያው ያለው ልብስም ይሸታል። ባለ ጀልባው በዚህ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ አዲሱ ጨርቅ ቀለም ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ግን ጨርቁን መምረጥ የመጨረሻው ጥያቄ እንጂ የመጀመሪያው አለመሆኑን ማስረዳት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ውሃው ከየት ይመጣል የሚለው ነው።

ውሃው ሁልጊዜ ከባሕር አይመጣም። አንድ የተኛ ሰው በትንፋሹና በላቡ በሰዓት ከ30 እስከ 50 ግራም የሚደርስ ተን ወደ አየሩ ይለቃል። አንድ ኪሎ ግራም ፕሮፔን ጋዝ በምድጃ ላይ ሲነድ 1.6 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ በተን መልክ ያወጣል። ከዚህም ሌላ በግድግዳው ላይ የደረቀ የባሕር ጨው አለ። ጨው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ከአየሩ ውሃ እየሳበ ራሱ ይሟሟል። ስለዚህ በጨው ውሃ የራሰ ግድግዳ በንጹሕ ውሃ ሳይታጠብ ደረቀ ማለት አይቻልም።

አሁን ስሌቱ ይታይ። የጀልባው ክፍል አየር ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ፣ የውጭው ባሕር ደግሞ 10 ዲግሪ ነው ይባል። ይህ አየር ጤዛ መጣል የሚጀምረው 14.4 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ነው። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ራቁት የፋይበር ግላስ ግድግዳ ውስጠኛ ፊቱ 12.4 ዲግሪ ያህል ስለሚሆን ጤዛ ይይዛል። በግድግዳው ላይ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የማይገናኙ፣ ውሃ የማይመጥ 6 ሚሊ ሜትር ፎም ቢለጠፍበት ግን የገበሩ ፊት ወደ 16 ዲግሪ ይወጣል፤ ጤዛውም ይቀራል። እንግዲህ ስድስት ሚሊ ሜትር ብቻ ያለው ነገር እርጥቡን መደርደሪያ ደረቅ ሊያደርገው ይችላል።

ነገር ግን ስሌቱ በዚህ አያበቃም። መደርደሪያው ባዶ ሆኖ አይቀመጥም፤ ልብስና ብርድ ልብስ ይታጨቅበታል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው ልብስ ከገበሩ ጋር ተጣብቆ ቢቀመጥ፣ ልብሱ ራሱ ሙቀት ከልካይ ስለሚሆን የክፍሉ ሙቀት ወደ ገበሩ አይደርስም። በዚህም ምክንያት የገበሩ ፊት እንደገና ወደ 12.4 ዲግሪ ይወርዳል፤ ይህም የራቁቱ ግድግዳ ሙቀት ነው። የውሃ ተን ደግሞ በልብሱ ውስጥ አልፎ እዚያው ይደርሳል። ባለ ጀልባው ገንዘብና ድካም ያወጣበት ገበር፣ ዕቃው ስለ ታጨቀ ብቻ እንዳልነበረ ይሆናል ማለት ነው።

መፍትሔው ርብራብ ነው። ከገበሩ ፊት ለፊት በስስ የእንጨት ዘንጎች ርብራብ ተሠርቶ በልብሱና በገበሩ መካከል ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ይተዋል። በመደርደሪያው በር ላይ፣ ከላይም ከታችም፣ የአየር መግቢያና መውጫ ይበሳል። ሞቃቱ አየር በክፍተቱ ውስጥ ሲዘዋወር ፊቱን ያሞቃል፤ የረጠበውንም ያደርቃል። የድሮ ጀልባ ሠሪዎች የጀልባውን ጎን ውስጥ ለውስጥ በእንጨት ርብራብ ይሸፍኑ የነበረው ለውበት ብቻ አልነበረም።

ሥራው ራሱ የሚጀምረው በማፍረስ ነው። አሮጌው ገበር በጥንቃቄ ተላቆ ለአዲሱ ልክ መውሰጃ ይቀመጣል። የቀረው ስፖንጅና ማስቲሽ በተቻለ መጠን በስፓቱላ በደረቁ ይፋቃል፤ ሠራተኛውም የአፍና የአፍንጫ መከላከያ ያደርጋል። ከዚህ በኋላ ብዙዎች አሴቶን ወይም ሌላ አቅላይ ያፈሳሉ፤ ትልቁም አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። የአሴቶን ተን ከአየር በእጥፍ፣ በብዙ ማስቲሽ ውስጥ የሚገኘው የቶሉዊን ተን ደግሞ በሦስት እጥፍ ይከብዳል። ሁለቱም ከአሥር ዲግሪ በታች እንኳ ሆነው በእሳት ፍንጣሪ ሊቀጣጠሉ ይችላሉ። ጀልባ እንደ ገበታ ከታች የተዘጋ ስለሆነ፣ ተኑ ባትሪውና ፓምፑ ወዳሉበት ወለል ወርዶ ይጠራቀማል። ስለዚህ ባትሪው ይፈታል፤ ምድጃው ይዘጋል፤ የተበከለው አየር ከወለሉ እንዲወጣ ይደረጋል፤ አንድ ሰውም ብቻውን አይሠራም።

ግድግዳው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የኮምፔንሳቶው ጠርዝ በኤፖክሲ ይታሸጋል። ማስቲሹ በግድግዳውም በፎሙም ላይ ይቀባል፤ ሲነካ በጣት የማይያዝ እስኪሆን ይጠበቃል፤ ከዚያም ከመካከል ወደ ጠርዝ እየተጫነ ይለጠፋል። አንዴ ከተገናኘ ማስተካከል ስለማይቻል ፎሙ አስቀድሞ በወረቀት ልክ መቆረጥ አለበት። ያልተለጠፈ ኪስ መተው አይገባም፤ ተን በስንጥቁ ገብቶ ከቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን መሸፈን የሌለበትን መለየት ነው። የሸራውን ምሰሶ ቀጥ አድርገው የሚይዙት የሽቦ ገመዶች ከጀልባው ጋር የሚያያዙት በአይዝጌ ብረት ሳህኖች ሲሆን፣ በብዙ ጀልባዎች እነዚህ ሳህኖች የታሰሩባቸው ብሎኖች የሚገኙት በመደርደሪያዎቹ ውስጥ ነው። አይዝጌ ብረት የማይዝገው በፊቱ ያለው ስስ የክሮም ኦክሳይድ ልባስ ስለሚጠብቀው ነው፤ ይህም ልባስ ሲቆስል ራሱን ለማደስ ኦክሲጅን ይፈልጋል። በረጠበ ፎም ተሸፍኖ፣ ጨው ባለበትና አየር በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ልባሱ ይፈርሳል፤ ብረቱም ከውስጥ ይበላል። ከፊት የሚታየው ጥቂት ቡናማ እድፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሳህኑ በነፋስ ቀን ከተበጠሰ ምሰሶው ይወድቃል፤ በሥሩ የቆመ ሰውም አብሮ ይጎዳል። ከባሕር ውሃ ጋር የሚገናኙት ቫልቮችም እንዲሁ ናቸው፤ በጨለማ የሚፈለግ ቫልቭ በገበር ሥር ተቀብሮ ከተገኘ ጀልባው ይሰጥማል።

ስለዚህ ገበሩ በእነዚህ ቦታዎች ላይ ይከፈታል፤ መከደን ካስፈለገም በብሎን ወይም በቁልፍ በቀላሉ የሚነሣ ክዳን ይደረግለታል። ጥሩ የገበር ሠራተኛ የሚመሰገነው በሸፈነው ስፋት ሳይሆን ሳይሸፍን በተወው ቦታ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህ ትምህርት በጀልባ ብቻ አይወሰንም። ከኮርኒስ በላይ፣ ከልስን በስተጀርባ፣ ከወለል ንጣፍ ሥር በየቀኑ የሚሸፈን ብዙ ነገር አለ። መሐንዲሱ ከመሸፈኑ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ውሃው በየት ይገባል? በየት ይወጣል? ከሽፋኑ ኋላ ያለውን ነገር ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመረምረው ሰው በምን ያየዋል? አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለሰው ነበር፤ ለግድግዳም ይሠራል።