የመርከብ ኪራይና የጋሞ በልግ



አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ወደብ ያለው መንገድ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በመሆኑም የመርከብ ኪራይ ነገር ሲነሣ የጋሞ ነጋዴም ሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሹም ጉዳዩ የወደብ ሰዎች ብቻ ቢመስለው አያስደንቅም። ዳሩ ግን በጨንቻና በቦንኬ ደጋ ለገብሱና ለድንቹ የሚጨመረው ማዳበሪያ፥ የሙዝ ጫኙ መኪና ነዳጅ፥ የዶርዜ ሸማኔ ለጥበቡ የሚገዛው የውጭ ክር በባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው።

የኪራዩን መውጣትና መውረድ ለመከታተል እጅግ የታወቀው መለኪያ ከ1985 ጀምሮ በለንደን የሚወጣው የባልቲክ ደረቅ ጭነት አመልካች ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አመልካቹ በሜይ 2008 ወደ 11,793 ወጥቶ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወደ 663 ወርዷል። ይሁን እንጂ ይህን ቁጥር እንዳለ መቀበል ያሳስታል። ከ2018 ወዲህ ከክብደቱ 40 በመቶውን የያዙት በተለይ የብረት ማዕድንና ከሰል የሚያመላልሱት ግዙፍ መርከቦች ናቸው፤ ለጅቡቲ ማዳበሪያ የሚያመጡት ግን ከእነዚያ ያነሱ ናቸው። የኮንቴይነር ዋጋ ደግሞ ከናካቴው በሌላ መለኪያ ይታያል። በ2019 በአማካይ 1,420 ዶላር ያህል የነበረው የ40 ጫማ ኮንቴይነር ኪራይ በሴፕቴምበር 2021 ከ10,000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ስለዚህ «አመልካቹ ወረደ» ተብሎ የክር ዋጋ ይቀንሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የተመለከተው የሌላውን ገበያ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የመርከቧን መንገድ መጠየቅ ይጠቅማል። ጅቡቲ የምትገኘው ከባብ ኤል መንደብ ደቡብ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የተነሣ ዩሪያ ያን ጠባብ በር ሳያልፍ ይደርሳል፤ ከሞሮኮ የሚጫን የፎስፌት ማዳበሪያ ግን በስዊዝ በኩል ሲመጣ ቀይ ባሕርን ማቋረጥ ግድ ይሆንበታል። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ መርከቦች በዚያ ባሕር ላይ ሲጠቁ ብዙዎቹ አፍሪካን በደቡብ ዞሩ፤ የጦር ሥጋት መድኅኑም ተወደደ። ስዊዝ ከ1967 እስከ 1975 ተዘግቶ በነበረ ጊዜም መርከቦች ይህንኑ ዙሪያ ይሄዱ ነበር።

ለጋሞ ነገሩን የሚያከብደው ወቅቱ ነው። አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ማዳበሪያን ለክረምት ሲጠብቅ፥ የጋሞ ገበሬ ለበልጉ ከየካቲት አንሥቶ ይፈልገዋል። ለመኸር አራሽ የአንድ ወር መዘግየት ጭንቀት ነው፤ ለበልግ አራሽ ግን ዘሩ ያለ ማዳበሪያ ገባ ማለት ነው። ኪራዩ ረክሶ ዕቃው ዘግይቶ ከደረሰ፥ የተገኘው ቁጠባ ለዚያ ገበሬ ምንም አይፈይድለትም።

እርግጥ ነው፥ የባሕሩ ኪራይ የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ብር በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ በዶላር ያልተለወጠ ኪራይ በብር እጅግ ጨምሮ ታይቷል። የየብሱ መጓጓዣም የራሱ ጠባይ አለው፤ ሙዝ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና ሲገኝ ወደ አርባ ምንጭ የሚጫነው ዕቃ ኪራይ ይቀላል፥ የሙዙ ምርት ሲቀንስ ግን ይህ ዕድል ይጠባል።

ስለዚህ በማኅበር መጋዘን የሚሠራ ባለሙያ የዓለሙን አመልካች በየዕለቱ ባይመለከትም፥ አራት ቀኖችን በመዝገቡ ቢያሰፍር ይበቃዋል፤ እነርሱም ግዢው የታዘዘበት፥ መርከቧ የጫነችበት፥ ጅቡቲ የደረሰችበትና ዕቃው መጋዘን የገባበት ናቸው። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ መዘግየቱ ከባሕሩ፥ ከወደቡ ወይም ከየብሱ መሆኑ ከዚያው መዝገብ ይነበባል፤ የሚቀጥለው የበልግ ማዳበሪያ ጥያቄም በየትኛው ወር መቅረብ እንዳለበት ይታወቃል።